የወንፈል ትምህርት

የቤት ውስጥ ትምህርቱን እንድገመግም የመረጡኝ ከል ስለለበስኩ ይመስለኛል። በጥቅምት መጀመሪያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ተነሣና ከወላጆች መካከል አንድ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለጋል አለ። ሥራው በየቤቱ እየዞሩ ልጆቹ በእርግጥ ይማሩ እንደሆነ ማየት፣ በታኅሣሥ ደግሞ ሰቆጣ ወርዶ ያዩትን ለዞኑ ትምህርት መምሪያ መናገር ነው። ሁለት ወንዶች ተጠቆሙ። አንደኛው ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚመጣው ወጣት አስተማሪ ሊድራት ያስባል ተብሎ ታማና ቀረ። ሁለተኛው ራሱ እምቢ አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እሷ ትሁን። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ደግሞም ሐዘንተኛ ናት፤ ሐዘንተኛ አይዋሽም።»

«ሐዘንተኛ አይስቅም እንጂ መዋሸትስ ይዋሻል» አለች ጎረቤቴ ከኋላዬ፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። ሰው ሳቀ። እኔ አንገቴን እንደደፋሁ ተመረጥኩ።

መንደራችን ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከወረዳው ከተማ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው እዚያ ከተማ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው ተነቅሎ ሄደ፣ ወንበሩም ማገዶ ሆነ። በኋላ ከፊሉ ተጠግኖ ትምህርት ቢጀመርም የእኛ ልጆች ክፍል ተከራይተው፣ ስንቅ ተሸክመው መዝለቅ አልቻሉም፤ አንድ በአንድ ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው አንድ ድርጅት ከዞኑ ትምህርት መምሪያ ጋር ሆኖ ልጆቹ ከቤታቸው ሳይወጡ የሚማሩበትን ነገር ያመጣው። ለእያንዳንዱ ልጅ በየትምህርቱ ሞጁል የሚሉት ወፍራም መጽሐፍ ተሰጠው። ለየቡድኑ ትምህርቱ የተቀዳበት፣ በፀሐይ የሚሞላ ሬዲዮ መጣ። በየቅዳሜው ደግሞ አመቻች የሚባል ወጣት አስተማሪ እየመጣ የሠሩትን ያርማል። የእኛ መንደር ቡድን አምስት ልጆች ነበሩት፤ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ። ሁሉም አሥረኛ ክፍል ናቸው። አንዷ የእኔ ልጅ ናት።

እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው አላመንኩትም። ትምህርት ቤት ቤታችን ድረስ መጣላችሁ ሲሉን ሌላው እልል አለ፤ እኔ ግን ያ ጣሪያ ትዝ አለኝ። ትምህርቱ ቤት ከገባ፣ ጣሪያው ይሠራ ብሎ የሚጮኸው ማን ነው? ልጆቹ እዚህ ተቀምጠው «እየተማሩ ነው» ከተባለ፣ የዚያን ትምህርት ቤት ባዶነት ማን ያየዋል? ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት፣ «አንቺ ስጦታ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ቂጡን ገልብጠሽ ነው የምታዪው» አለችኝ።

ባሌ ቢኖር ያምን ነበር። የሚያምን ሰው ነበር። ሕመሙ ሲጀምረው የጠየቀው ሁሉ «ደህና ነህ፣ ይሻልሃል» ይለው ነበር፤ እሱ አመነ፣ እኔም እሱን አይቼ አመንኩ። ከዚያ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው «ደህና ነው» ሲለኝ ከቃሉ ጀርባ ምን እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ። ሐዘን ልብ ያለሰልሳል ይላሉ። የእኔን ልብ መጠርጠር ነው ያስተማረው።

ልጄ ደግሞ ከእኔ የባሰች ቀጥተኛ ናት። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ዓረብ አገር ናት፤ በየጊዜው እየደወለች ታናሽ እህቷንና የእኔን ልጅ ትጠራቸዋለች። መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለ፣ በጅቡቲ በኩል ነው፣ ብዙ ልጆች ሄደዋል። ልጄ ይህን ከእኔ አልደበቀችም። «ትምህርቱ እስካለ እማራለሁ። ከቀረ ግን እዚህ አልቀመጥም፤ እሄዳለሁ» አለችኝ። ከእሷ በቀር ቤቴ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ሰው የለኝም።

እንግዲህ ገምጋሚ ያደረጉኝ እንዲህ ሆኜ ነው። ትምህርቱ አይረባም ብል ይዘጋል፤ ልጄ ትሄዳለች። ሳይረባ ይረባል ብል ደግሞ ዓመቷን በከንቱ ፈጅታ ፈተና ትወድቃለች፤ ያን ጊዜም ትሄዳለች።

መዞር የጀመርኩት ከጎረቤቴ ቤት ነው። በር ላይ ስደርስ ሬዲዮው ይናገራል። ገባሁ። ማንም የለም። ሬዲዮው መደብ ላይ ተቀምጦ የእፅዋት ሕዋስ ስንት ክፍል እንዳለው ያስረዳል፤ ከፊቱ ዶሮዎች መሬቱን ይጭራሉ። ጎረቤቴ ከጓሮ ብቅ አለች።

«ልጅሽ የት አለች?»

«ውሃ ወርዳለች።»

«ሬዲዮውስ?»

«ትምህርቱ እንዳይቋረጥባት ከፍታው ሄደች።» ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ገምጋሚ አይደለሽ? ገምግሚያ! እነዚህ ዶሮዎች አንድም ቀን አልቀሩም።»

የወንዱ ልጅ ቤት ስሄድ ሞጁሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቶ አገኘሁት። የሌሎቹ ሁለቱ ሴቶች እናቶች «አሁን ነው ያስቀመጠችው» ብለው ሞጁሉን አሳዩኝ፤ ገጾቹ ገና እንደ አዲስ ተጣብቀዋል። የራሴ ልጅ ብቻ ናት ከእጇ ስክሪፕቶ የማይጠፋው። እሷም ብትሆን ሁልጊዜ ሒሳብ ላይ ነው የማያት። ሒሳብ ስለምትወድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር አየሁ። አመቻቹ የሰቆጣ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ቀጭን፣ ለትልቅ ሰው የሚነሣ። ጫማውን ከወንዙ አጠገብ በቅጠል ጠርጎ ነው ወደ መንደር የሚገባው፤ እሱንም ጠረጠርኩት፣ ለማን ነው የሚያምረው ብዬ። ልጆቹ በእኛ ግቢ ተሰበሰቡ። ሳምንቱን የሠሩትን ተቀብሎ አረመ። ሁሉም ትክክል። ሒሳቡ ትክክል፣ ፊዚክሱ ትክክል፣ ኬሚስትሪው ትክክል። ያ ሞጁሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ የተኛው ልጅ እንኳ አልተሳሳተም።

«ገባችሁ?» አላቸው።

«ገባን!» አሉ፣ አምስቱም በአንድ ትንፋሽ።

የሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። አመቻቹ ደስ ብሎት ሲነሣ ልሸኝህ አልኩና እስከ ቁልቁለቱ አብሬው ወረድኩ።

«እንዴት ነው ሁሉም ልክ የሚሆነው?» አልኩት።

«ጎበዞች ናቸው።»

«እኔም ተማሪ ነበርኩ። ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። ጎበዝ ይሳሳታል፤ እነዚህ አይሳሳቱም።»

ቆመ። «መልሱን እኔ የምሰጣቸው መሰለዎት?»

«ወጣኝ እንዴ?»

«ከአፍዎ አልወጣም፤ ዓይንዎ ግን ብሏል።» ጥቂት ወርዶ ቀጠለ፦ «እውነቱን ልንገርዎት እናቴ? እኔ ከዚህ ገደል ይልቅ እርስዎን ነው የምፈራው። ሌላው መንደር ስሄድ ገምጋሚዋ ጠላ ቀድታ፣ መርቃ ነው የምትሸኘኝ።»

«እኔ ጠላ አልጠመቅኩም።»

ሳቀ። ሳቁን አጠናሁት። የሌባ ሳቅ አልመሰለኝም፤ ግን የሌባ ሳቅ ምን እንደሚመስል እኔ የት አውቄ ነው?

ከእሱ ስመለስ ጥርጣሬዬን ወደ ሬዲዮው አዞርኩት። መልሱ እዚያ ውስጥ ተቀድቶ ይሆናል ብዬ ጎረቤቴን ለምኜ ሬዲዮውን አመጣሁና ጥጥ እየፈተልኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ቀናት ፈጀብኝ። ልጄ በአጠገቤ ስታልፍ፣ «እማ፣ ጨርሰሽ ስታበቂ የዶሮዎቹን ቦታ ትመልሺላቸዋለሽ» ትለኛለች። ሬዲዮው ውስጥ ትምህርት እንጂ መልስ የለም። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ከምሰማው የማይገባኝ ይበዛል። ልጆቹ ይህን ብቻቸውን ተቀምጠው ይረዱታል ማለት ለእኔ የሚዋጥ አልሆነም።

ኅዳር ሲገባ የገብሳችን አጨዳ ደረሰ። ባሌ ካረፈ ወዲህ እርሻውን በእኩል የሚያርስልኝ ሰው አለ፤ አጨዳው ግን በወንፈል ነው። ወንፈል የእኛ አገር ሰው ሥራ ሲከብደው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ዛሬ ሁሉም ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ ያጭዳል፣ ነገ የሌላውን፣ ዙሩ ሞልቶ እስኪያልቅ። ያን ዓመት አምስቱ ተማሪዎች የራሳቸውን ወንፈል ገጥመው የየቤታቸውን ማሳ በተራ ያጭዱ ነበር። የእኔ ተራ በደረሰ ቀን ቂጣና ጎመን አሰናድቼ፣ እኔም ማጭዴን ይዤ ከፊት ገባሁ።

ልጆች ሲያጭዱ ሌላ ናቸው። ይቀላለዳሉ፣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ይሰዳደባሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ። ወንዱን ልጅ ከሁሉም ቀድመህ ድረስ እያሉ ይፈታተኑታል። እኔ ከጎረቤቴ ልጅ አጠገብ ነበርኩ። ነዶ ስታስር እጇ ፈጣን ነው። ጥያቄውን አስቤበት አልነበረም፤ እንዲሁ ከአፌ ወጣ።

«ያለፈው ቅዳሜ የሒሳቡ ጥያቄ፣ ያ ረጅሙ፣ መልስሽ ልክ ነበር። እስቲ እንዴት አድርገሽ እንዳገኘሽው ንገሪኝ።»

ነዶዋን አጥብቃ አሰረች። «ሒሳብ እኮ የኔ አይደለም» አለች።

«የማን ነው?»

«የልጅዎ ነዋ።»

«ያንቺስ?»

«ባዮሎጂ።»

«ፊዚክስ የኔ ነው!» አለ ወንዱ ልጅ ከፊት፣ ዘወር ሳይል። ሁለቱ ልጆች ደግሞ አንዷ ኬሚስትሪ፣ አንዷ እንግሊዝኛ አሉ፤ የቤታቸውን በሬ ስም እንደሚጠሩ፣ ምንም ሳይጨነቁ።

«እና ሒሳቡን ለሁላችሁም እሷ ትሠራዋለች?»

«ለሁላችንም። እኔም ባዮሎጂውን ለሁላችንም። ዓርብ ተገናኝተን እንቀዳዳለን።»

ማጭዴ ቆሞ ነበር። ወንዱ ልጅ አየኝና፣ «ምነው እማማ፣ ደከምዎት? ወንፈል እኮ ነው! ዛሬ የእርስዎ ገብስ፣ ነገ የእኛ» አለ። ሳቁ። ፊታቸው ላይ ኀፍረት ፈለግኩ። አጣሁ። አንዷ ብቻ ከአንገቷ ጎንበስ ብላ፣ ቀና ሳትል፣ ከሌላው ጊዜ በፈጠነ እጅ ታጭድ ነበር። የእኔ ልጅ ናት። እሷ ምን እያደረጉ እንደሆነ አውቃለች።

የከተማ ልጅ ቢሆን ኩረጃ ብዬው አልፍ ነበር። የሚኮርጅ ልጅ ደግሞ ይደብቃል፤ እነዚህ አልደበቁም፤ የሚጠይቃቸው ሰው ነው ያጡት። እግራቸው ከቆመ ጀምሮ ከባድ ሥራ ለብቻ እንደማይያዝ እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው። አምስት ወፍራም መጽሐፍ ሰጥተዋቸው፣ አስተማሪውን በሳምንት አንድ ቀን አሳይተዋቸው፣ በየቤታችሁ ተወጡት ሲሏቸው እናት አባቶቻቸው የሚያደርጉትን አደረጉ። ይህን ትምህርት ያሰበው ሰው እኛን አያውቀንም ማለት ነው። እኔም ብሆን ሌባ ስፈልግ ሰነበትኩ፤ ሌባ ግን የለም።

በማግስቱ ነዶውን ወደ አውድማ ስናጓጉዝ ልጄ ከአህያዋ ጎን እየሄደች፣ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ትናገሪያለሽ?»

«ምን ላድርግ?»

«ደህና ነው በያቸው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ፈተናውንስ በወንፈል ትፈተናላችሁ?»

«አጠገብ ላጠገብ እንቀመጣለን።»

«ባያስቀምጧችሁስ?»

አህያዋን መታቻት፤ ያለ ጥፋቷ። ቆይታ፣ «ሌላውንም ሞክሬዋለሁ እኮ» አለች። «ኬሚስትሪውን ለብቻዬ ደጋግሜ አነበብኩት። አልገባኝም። ማንን ልጠይቅ? አንቺን? ዶሮዎቹን?»

«ለአመቻቹ ለምን አልነገርሽውም?»

«ገባችሁ ብሎ ሲጠይቅ አራቱ ገባን እያሉ እኔ ምን ልበል? ስሚኝ እማ። ብትናገሪ ይዘጉታል። ከተዘጋ እሄዳለሁ። ሳትነግረኝ ሄደች እንዳትዪ።»

ነዶውን እያራገፍኩ እንዳላለቅስ ራሴን ያዝኩ። ሰው ፊት ማልቀሻዬን ለቀብሩ ጨርሼዋለሁ።

በታኅሣሥ እስከ መኪና መንገዱ በእግሬ ሄጄ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሰቆጣ ገባሁ። ስብሰባው ላይ ከየወረዳው የመጣን ገምጋሚዎች ነበርን፤ አመቻቾቹም ከኋላ ተቀምጠዋል። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ለስላሳ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችንን እየዞረ ሰላም አለን። እኔ ጋ ሲደርስ የለበስኩት ከል ላይ ዓይኑ አረፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግዜር ያጥናዎት እናቴ። እርስዎ እንዳይደክሙ አጠር ያድርጉት። ጥሩ ነው፣ ሬዲዮ ይጨመር ቢሉ ይበቃል።»

ምን እንደምል ሳያውቅ ምን እንደሚበቃ ነገረኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልቤ ሁለት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሳለሁ ዝም ልበል ብዬ ቆርጬ ነበር ማለት ይቻላል። የልጄ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

አንዱ ተነሥቶ በጣም ጥሩ ነው አለ። ሌላው እንደዚሁ። ከደሃና ወረዳ የመጣች ሴት ተነሥታ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ትምህርቱ ደህና ነው፣ ሁሉ ደህና ነው አለችና ማንንም ሳታይ ቶሎ ተቀመጠች። አየኋት። ባሌ ታሞ ሳለ እኔም ለሐኪሙ፣ ለዘመዱ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ እየዞርኩ «ደህና ነው እኮ» ስል እንደዚያ ነበር የማወራው።

ተራዬ ደረሰ። ተነሣሁና እንዳለ ነገርኳቸው። ሬዲዮው ለዶሮ እንደሚያስተምር፣ ልጆቹ ሁሉንም ትክክል እንደሚሠሩ፣ እያንዳንዱ ልጅ ግን የሚያውቀው አንድ ትምህርት ብቻ እንደሆነና እንዴት እንደተከፋፈሉት። አመቻቻችን ጫማውን ያያል።

ከዚያ የደሃናዋ ሴት ሳቋ አመለጣት። «ውይ፣ የኛዎቹም እንደዚያ ናቸው!» አለችና አፏን ያዘች። ከኋላ አንድ ሰው «ብቻችሁን መሰላችሁ?» አለ። ጉርምርምታው ሲበረታ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። ፊቱ ላይ የነበረው ልስላሴ የለም።

የወሰኑት ይህ ነው፦ ፈተናው በጥር ይሁን፣ በየመንደሩ፣ በማያውቃቸው መምህር፣ ልጆቹ ተራርቀው ተቀምጠው። አብዛኞቹ ልጆች የወደቁበት ቡድን ይዘጋል፣ ሬዲዮውም ለሌላ ይሰጣል። እጄን አወጣሁና የትምህርት ቤቱ ጣሪያስ አልኩ። «እሱ የዛሬ አጀንዳ አይደለም» ተባልኩ። የጠረጠርኩት ነገር ልክ ሲሆን ደስ አይለኝም፤ ይህ ግን ልክ ነበር።

ስወጣ አመቻቹ በር ላይ ጠበቀኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ እኔ ጥሩ አመቻች ነበርኩ» አለ፤ የሄደው ግን ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ካደረሰኝ በኋላ ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደር ገብቷል። ጎረቤቴ ከበሯ ሳትወርድ ተቀበለችኝ።

«መጣሽ? ደግ አደረግሽ! ሐዘንሽን በልጆቻችን ተወጣሽው!»

እቤት ስገባ አምስቱም ግቢዬ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጄ በጎን ነው ያየችኝ። ልቆጣቸውም ልለምናቸውም አልፈለግኩም።

«የእኔ ገብስ ሲታጨድ እኔ የት ነበርኩ?» አልኳቸው።

«ከፊት» አለ ወንዱ ልጅ፣ ግራ ገብቶት።

«ወንፈል ጠርቶ ቤቱ የሚተኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለማሳው ነው መጀመሪያ የሚገባ፣ መጨረሻ የሚወጣ። እናንተ ግን ሒሳባችሁን ለአንዷ ትታችሁ ተኝታችኋል፤ እሷም ኬሚስትሪዋን ትታ ተኝታለች። ይህን ወንፈል የሚለው የለም። አገር ቢሰማ ይስቅባችኋል።»

ልጄ ተነሣች። «ምሳሌሽን ተይው። ጥር ደርሷል» አለችና ሞጁሎቹን ከቤት አወጣች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በዓይኔ አየሁ። በዓል በሆነ ቀን፣ በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ እርሻና አጨዳ በማይነካበት ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ግቢ ይሰበሰባሉ። ባለ ሒሳቧ አራቱን ታስቀምጥና ታሠራቸዋለች፤ ስትጨርስ ባለ ፊዚክሱ ይነሣል። ሬዲዮው በእንግሊዝኛ ያለውን እነሱ በኽምጣንጋ ይጨቃጨቁበታል። ጥጤን ይዤ ጥግ ላይ እየተቀመጥኩ እሰማለሁ፤ በዓል ነውና አልፈትልም፣ እንዲሁ ይዤው። መጀመሪያ ጠብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ ደም በልብ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ለማስረዳት ከወንዙ ጀምራ እስከ መስኖው ቦይ ስትዘረዝር ሰማሁና ሳላስበው ራሴን ነቀነቅኩ። ለእኔ በአማርኛ ያስተማሩኝ መምህር እንደዚያ አልነገሩኝም። ቢሆንም አልተዘናጋሁም። አንዱ ሲያስተምር ሌላው ያዛጋል፤ ባለ እንግሊዝኛዋ ልጅ ራሷም የማታውቀውን ታስተምራለች። አመቻቹ ቅዳሜ ሲመጣ አሁን «ገባችሁ» አይልም፤ አንዱን አስነሥቶ የማይወደውን ትምህርት ይጠይቀዋል።

የጥር ማርያም ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የጎረቤቴ ልጅ ቀረች። ጠበቅናት። ወንዱ ልጅ ሊጠራት ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። ከሌሎች ልጆች ጋር ጎሕ ሳይቀድ በዚያ በጅቡቲው መንገድ ሄዳለች። ልጄ የባዮሎጂውን ሞጁል አንሥታ በሄደችው ልጅ ቦታ ላይ ተቀመጠችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ታውቂ ነበር ብዬ ጠየቅኳት፤ «እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ቀኑን አላውቅም ነበር» አለችኝ። ግማሹን አመንኳት።

ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሳታየኝ ተናገረች።

«ይዘጋል ብለው አስፈራሯት፤ ሄደች።»

«አልተዘጋም እኮ።»

«እሷ ይዘጋል ብላ ሄደች አልኩሽ።» እጇ አልቆመም። «ምንም ባይሆን ትሄድ ነበር ብለሽ ራስሽን እንዳታጽናኚ። እኔም አላውቀው፣ አንቺም አታውቂው።»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምስሩን አብሬ ለቀምኩ። ሂጂ አላለችኝም። ይህን እስክጽፍ ድረስ ሰላምታችን የአንገት ብቻ ነው።

ፈተናው በቀበሌያችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ። የመጣው መምህር አራቱን በክፍሉ አራት ማዕዘኖች አስቀመጣቸው። እኛ እናቶች ከውጭ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ውጤቱን ያመጣው ራሱ አመቻቹ ነው። ሦስቱ አልፈዋል፤ ባለ እንግሊዝኛዋ ልጅ ወድቃለች። ልጄ ሒሳቡን በደንብ፣ ባዮሎጂውን እንደምንም አልፋለች፤ ኬሚስትሪው ጥሏታል፣ በድምሩ ግን ተርፋለች። ቡድኑ እስከ ሰኔ ይቀጥላል፣ ገምጋሚዋም ትቀጥል ተባለ።

ስለዚህ ትምህርት ምን ትያለሽ ብሎ ለሚጠይቀኝ አሁን የምለው ይህን ነው። የሚማር ልጅ አለበት፤ አይቻለሁ። ትምህርት ቤት ግን አይደለም። ትምህርት ቤት እስኪሠራ ልጅን ይዞ የሚያቆይ ነገር ነው፤ ይዞ ማቆየቱን አይተው ትምህርት ቤቱን እንዳይረሱት እፈራለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ያነበበው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።

ውጤቱ በመጣ ሰሞን፣ ልጄ ውሃ ስትወርድ የልብሷን ሻንጣ ከፈትኩ። የሄደችው ልጅ የተሰናዳችው በእንዲህ ያለ ሻንጣ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ልብሶቿን እያነሣሁ ሳለ ከኋላዬ እንስራው መሬት ሲነካ ሰማሁ።

«የኔም ገምጋሚ ሆንሽ?» አለችኝ።

«ሆንኩ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። መጣችና ልብሶቹን ከእጄ ተቀብላ መልሳ አጠፈቻቸው።

«እስከ ሰኔ ፈተና አለሁ» አለች። «ኬሚስትሪውን ሳላልፍ የትም አልሄድም። ከሰኔ ወዲያ ያለውን አሁን አትጠይቂኝ፤ እኔም አላውቀውም።»

እኔ የፈለግኩት ዕድሜ ልክ የሚሆን ቃል ነበር። የሰጠችኝ እስከ ሰኔ ነው። ያን ያህሉን አመንኩና ሻንጣውን ዘጋሁት።